62 ጽሑፍ፣ በቀን 11 ሰው፦ ዌብሳይቴ ጉግል ላይ ለምን አይታይም?

የፒያሳው_ጠጋኝ (ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20)

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ፒያሳ ኮምፒውተርና ፕሪንተር እጠግን ነበር። ሱቃችን የነበረበት መስመር በ2016 ፈረሰ። አሁን አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ከጓደኛዬ ጋር ተጋርተን እንሠራለን። ግማሹ ደንበኛ የት እንደገባን አያውቅም። ቁጭ ብዬ ከምውል ብዬ የዛሬ አምስት ወር ዌብሳይት ከፈትኩ። ዎርድፕረስ በሚባለው የሳይት መሥሪያ ነው የሠራሁት። ዶሜኑንና ሆስቲንጉን (የሳይቱን ስምና ማረፊያ ቦታውን) ውጭ ያለ የአክስቴ ልጅ በካርዱ ከፈለልኝ። ዓመቱ ሲያልቅ ድጋሚ ልለምነው አልፈልግም።

እስካሁን 62 ጽሑፍ አውጥቻለሁ። የማር ጥቅም፣ የዝንጅብል ጥቅም፣ የስልክ ባትሪ አያያዝ፣ የእግር ኳስ ዝውውር፣ ጥቂት ደግሞ ስለ ሰፈሬ። በቀን የሚገባው ሰው 11 ነው። ከአስራ አንዱ ሁለቱ እኔና እህቴ ነን።

ማስታወቂያ ለማስገባትም አመልክቼ ነበር። ይዘቱ በቂ ዋጋ የለውም የሚል መልስ መጣ። አንጀቴ ነው የተቃጠለው።

ጉግል ላይ እንዴት ልታይ? ከማስታወቂያስ ቢያንስ የሆስቲንጉን ብር እንዴት ላውጣ? «ጥሩ ይዘት ጻፍ» የሚለውን ምክር ጠግቤዋለሁ፤ እባካችሁ እሱን ተዉልኝ።


ሻይ_በብርጭቆ (ከምሽቱ 3፡31)

ስለ ማር ጥቅም በአማርኛ የተጻፈው ብዛት! ንቦቹ ራሳቸው ሳይሰለቻቸው አልቀረም።


ሳባ_ከሜክሲኮ (ከምሽቱ 4፡05)

ሳቁን እናቆየውና መጀመሪያ በሽታው ይታወቅ። ጉግል ገብተህ በላቲን ፊደል «ሳይት» ብለህ፣ ኮለን አድርገህ፣ ክፍተት ሳትተው የዶሜንህን ስም ጻፍ። ስንት ገጽ ይመጣል? ቁጥሩ ግምት ነው፤ ከ62 በጣም ካነሰ ግን ችግርህ ደረጃ ላይሆን ይችላል። አብዛኛው ገጽህ ገና የጉግል መዝገብ ውስጥ አልገባም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ዎርድፕረስ ሴቲንግ ውስጥ «ሪዲንግ» የሚል ገጽ አለ። ግርጌው ላይ የፍለጋ ሞተሮች ሳይቱን እንዳይመዘግቡ የምታደርግ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ሰው ሳይቱን ሲሠራ ራይት ያደርግባትና ይረሳታል። ስንቱ በእሷ ምክንያት ዓመት ሙሉ ለራሱ ብቻ ጽፏል መሰለህ።

ሦስተኛ፣ ሰርች ኮንሶል የሚባለው የጉግል መከታተያ አለህ? ከሌለህ ዛሬውኑ ክፈት፤ ነጻ ነው። ሳይትማፕህን (የገጾችህን ዝርዝር) እዛ አስገባ። ሰዎች ምን ብለው ፈልገው ገጽህ እንደታያቸው፣ ስንቱ እንደነካው፣ ስንተኛ ላይ እንደነበርክ ይነግርሃል። የ16 ወር መረጃ ይይዝልሃል። ሌላ ሰው ግምት ሳይሰጥህ በፊት እሱን እይ።


የፒያሳው_ጠጋኝ (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡40)

ሳባ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ሳጥኗ ባዶ ነች፤ በእሷ አይደለም። ኮንሶሉን ከፍቼው ነበር ለካ፤ ገብቼ ግን አላውቅም።

የተመዘገበው 14 ገጽ ብቻ ነው። የቀሩት 48ቱ አጠገብ «ተጎብኝቷል፣ ለጊዜው አልተመዘገበም» የሚል ነገር ተጽፏል። ምን ማለት ነው? ቴክኒክ ነው?


ሳባ_ከሜክሲኮ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡10)

ቴክኒክ አይመስለኝም። መጥቶ አንብቦት ሄዷል ማለት ነው። ልክ ሱቅ ገብቶ ዕቃውን አገላብጦ «እመለሳለሁ» ብሎ እንደሚወጣ ደንበኛ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እውነቱን ተናገር። ከ62ቱ ስንቱን በማሽን ተረጎምክ?


የፒያሳው_ጠጋኝ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡25)

45ቱን። 😔

አሁን አንዱን ከፍቼ እያነበብኩ ነው። የባትሪው ላይ «ስልክዎን ሌሊቱን ሙሉ አይክሰሱ» ይላል። ቻርጅ አታድርጉ ለማለት ነው። ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ ተለጥፎ ኖሯል።


ሻይ_በብርጭቆ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡27)

በቀን ክሰሱት ማለት ነው? ችሎቱ የሥራ ሰዓት ላይ ነዋ። ስልኩስ ጠበቃ አለው?


ሳባ_ከሜክሲኮ (ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡50)

😂😂 ሞትኩ።

እሺ፣ ወደ ቁም ነገሩ። ጉግል በማርች 2024 የአይፈለጌ ይዘት (ስፓም) ደንቡን ሲያጠብቅ በገፍ የሚመረት ይዘትን በስሙ ጠርቶታል። ከሌላ ወስዶ፣ ተርጉሞ፣ ምንም ሳይጨምሩ ማውጣት እዛ ውስጥ ይገባል። ሰው ይጻፈው ማሽን ጉዳዩ አይደለም፤ አንባቢው ምን አገኘ ነው ጥያቄው። የማስታወቂያ መልስህም ምንጩ ይኸው ነው ብዬ እገምታለሁ። ሁለት በር ዘግቶብሃል፣ ቁልፉ ግን አንድ ነው።

አሁን ኮንሶሉ ላይ የአፈጻጸም ሪፖርቱን ክፈትና ክሊክ ያገኙ ቃላትን ብቻ አምጣልኝ።


የፒያሳው_ጠጋኝ (ረቡዕ፣ ቀን 6፡15)

ጉድ ነው። ክሊኩ ሁሉ ማለት ይቻላል የሚሄደው ወደ አንድ ጽሑፍ ነው። ያንን ደግሞ ተናድጄ በአንድ ሰዓት የጻፍኩት ነው። እናቴ ልብስ ትሰፋለች። መኪናዋ ሲበላሽ የምትወስድለት ሽማግሌ ዶሮ ማነቂያ ነበሩ። ሰፈሩ ሲፈርስ ጠፉባት። ሦስት ቅዳሜ ፈልጌ አገኘኋቸው። እግረ መንገዴን ሌሎች አራት ጠጋኞች የት እንደገቡ ጠይቄ ጻፍኩ። ርዕሱ «ዶሮ ማነቂያ የነበሩ የልብስ ስፌት ማሽን ጠጋኞች የት ገቡ» ነው።

ሰው ግን እንዲህ ብሎ አይደለም የሚፈልገው። ሪፖርቱ ላይ ያሉት «ሲንጀር ጥገና ፒያሳ»፣ «ሲንጀር የሚጠግን»፣ «ዶሮ ማነቂያ ሲንጀር» ናቸው። ሲንጀር የሚለውን ቃል እኔ አንዴ ብቻ ነው የጻፍኩት፤ እሱም ፎቶ ሥር። በአማካይ 9ኛ ላይ ነው የሚያሳየኝ።


ሳባ_ከሜክሲኮ (ረቡዕ፣ ቀን 7፡00)

በቃ! የጠየቅከው መልስ እጅህ ላይ ነው እኮ።

እናትህ ምን ትላለች? «ማሽኔ ተበላሸ» ትላለች? «ሲንጀሬ» ነው የምትለው። አንተ የመጽሐፍ ቃል ጻፍክ፤ ሰው ግን የቤቱን ቃል ነው የሚተይበው። ርዕሱን «ዶሮ ማነቂያ የነበሩ ሲንጀር ጠጋኞች አሁን የት ናቸው?» አድርገው። የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ቃሉ ይግባ። ከዚያ ንካው አልልህም፤ ጽሑፉ ጥሩ ነው።

ስለ ማር ጉግልን ብትጠይቀው ሺህ ገጽ አለው። ሲንጀር ጠጋኙ የት እንደገቡ ግን የሚያውቀው በእግሩ የሄደ ሰው ብቻ ነው። አዲስ ሳይት ትልልቆቹን የሚቀድመው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ሌላ ቀዳዳ አላየሁም።


ጡረተኛው_አራሚ (ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡30)

እንደምን ዋላችሁ ልጆች። ማተሚያ ቤት 31 ዓመት አራሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። ስለ ኮምፒውተሩ አላውቅም፤ ስለ ፊደሉ ግን አንድ ነገር ልበል።

የልጃችንን ገጽ አየሁት። አንዱ ላይ «ፀሐይ»፣ ሌላው ላይ «ጸሃይ»፣ ሦስተኛው ላይ «ፀሀይ» ይላል። «ዓለም» እና «አለም» ደግሞ አንድ አንቀጽ ውስጥ ተቀላቅለዋል። እኛ ዘንድ ይህ ቢያልፍ ደመወዝ ይቆረጥ ነበር። ፈላጊው ሞተር ይህን እንደ አንድ ቃል ያየዋል ወይስ እንደ ሦስት?


ሳባ_ከሜክሲኮ (ረቡዕ፣ ከሰዓት 10፡10)

ጋሼ፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው ያነሱት። አንዳንዴ አቀራርቦ ያመጣዋል፤ ሁልጊዜ ግን አይተማመኑበት። በሁለቱም አጻጻፍ ፈልገው ቢያዩት ውጤቱ ቅደም ተከተሉ ሲለያይ ያገኙታል። ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ፤ ቃሉ እነዚህ ያሉበት ከሆነ በየትኛው እንደሚፈለግ ከኮንሶሉ ማየት ነው።

ሌላው ጣጣ ፊት የሚለጠፈው ነው። «ቤት ኪራይ»፣ «የቤት ኪራይ»፣ «ለቤት ኪራይ»፣ «በቤት ኪራይ»። እንግሊዝኛ ላይ አንድ ቃል ተደጋገመ የሚሉት፣ እኛ ጋ አራት መልክ ይዞ ይመጣል። በላቲን ፊደል አማርኛ የሚተይበው ሕዝብ ደግሞ ሌላ ነው።


ጡረተኛው_አራሚ (ረቡዕ፣ ከሰዓት 10፡40)

እና ሕዝቡ «ሀይለ ቃል» ብሎ ከፈለገ፣ ርዕስ ላይ «ሀይለ ቃል» ብላችሁ ልትጽፉ ነው? «ኃይል» በኀ ነው።


ሳባ_ከሜክሲኮ (ረቡዕ፣ ከሰዓት 10፡55)

የለም ጋሼ፣ እርስዎን የሚያስከፋ ነገር አንሠራም 😊 ርዕሱ በትክክለኛው ይሁን። ሌላው አጻጻፍ በአስተያየትም በፎቶ መግለጫም በተፈጥሮው ይገባል። ሦስቱንም አጻጻፍ ገጹ ግርጌ ላይ መደርደር ግን አይሆንም። ቃል ማጨቅ ነው፤ ያስቀጣል።


ጡረተኛው_አራሚ (ረቡዕ፣ ከሰዓት 11፡05)

ቢያስቀጣ ደስ ይለኛል።


ፈጣን_ደረጃ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡12)

ወንድሜ አትጨነቅ። 1,000 ባክሊንክ (ከሌሎች ገጾች ወደ አንተ የሚመራ ሊንክ) በ3 ቀን፣ አንደኛ ገጽ ዋስትና አለው። ዋጋ በውስጥ መስመር።


ቸርችል_ቁልቁለት (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡40)

እንዳትሞክራት። እኔ የዛሬ ሁለት ዓመት ከአንድ እንዲህ ካለ ሰው ገዛሁ። ከየት እንደመጡ ልይ ብዬ ብከፍታቸው፣ ግማሾቹ በማላውቀው ቋንቋ የተጻፉ የቁማር ገጾች ናቸው። ለሁለት ሳምንት ምንም። ከዚያም ምንም። ብሩ ብቻ ሄደ። ጉግል በ2012 ፔንግዊን የሚባለውን ማጣሪያ ካወጣ ወዲህ እኮ የተገዛ ሊንክ ቢሻል አይቆጠርም፣ ቢብስ ያስቀጣል።

ሊንክ ከፈለግክ የጠቀስካቸው ሰዎች ጋ ሂድ። የአንዱ ጠጋኝ ልጅ ገጽ አለው ወይ? የስፌት ማሠልጠኛዎችስ? «አድራሻችሁን ጽፌያለሁ» በላቸው። እንዲህ የመጣ አንድ ሊንክ የእሱን ሺህ ያስንቃል።


አወያይ (ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00)

«ፈጣን_ደረጃ» ከዚህ ክር ታግዷል። ቀጥሉ።


ሳባ_ከሜክሲኮ (ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡30)

ትናንት ማታ ጽሑፍህን ከሜክሲኮ ወደ ለገሃር ታክሲ ውስጥ ሆኜ በስልኬ ከፈትኩት። ርዕሱ መጣ። ከዚያ ነጭ። ከዚያ አሁንም ነጭ። ለገሃር ስደርስ የመጀመሪያው ፎቶ ግማሹ ወረደ። ከስልክ አንስተህ እንዳለ ነው የጫንከው አይደል? ስድስት ፎቶ፣ እያንዳንዱ 4 ሜጋባይት። አንባቢህ ፓኬጁን እየቆጠረ ነው እኮ የሚያነብህ።

ስፋታቸውን 1,200 ፒክስል አድርግ፣ ዌብፒ ወደሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ ዓይነት ቀይራቸው። የገጹ ትልቁ ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ መታየት አለበት ነው የሚለው የጉግል መለኪያ። እሱን ለጉግል ብለህ ሳይሆን ለእኔ ለተሳፋሪዋ ብለህ አስተካክለው።

አንድ ሌላ ነገር አየሁ። ሊንክህ ተቆርጧል። ዎርድፕረስ ከርዕሱ ነው ሊንክ የሚሠራው። የአማርኛ ፊደል እያንዳንዱ ሦስት ባይት ነው፤ ሊንክ ውስጥ ሲገባ በፐርሰንት ምልክት ተበታትኖ ዘጠኝ ቁምፊ ይሆናል። የተሰጠው ቦታ ደግሞ 200 ቁምፊ ነው። አካፍለው፤ 22 ፊደል ሳይሞላ ያልቃል። የአንተ «ጠጋኞች» የሚለው ቃል «ጠ» ላይ ተሰይፏል። ጉግል የአማርኛ ሊንክ ያነባል፤ በእሱ አትሥጋ። ቴሌግራም ላይ ስትልከው ግን ያ ሁሉ ፐርሰንት ተዘርግፎ ሰው ቫይረስ ይመስለዋል። አጭር አድርገው፤ በላቲን ፊደል ሁለት ሦስት ቃል ይበቃል። የፖስት ሊንክ ስትቀይር ዎርድፕረስ የድሮውን ራሱ ወደ አዲሱ ያዞረዋል።


የፒያሳው_ጠጋኝ (ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡00)

እኔኮ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ 😭 የሰው ማሽን «በፎቶ ሞልተሽው ነው የዘገየው» እያልኩ ብር የምቀበል ሰው!

45ቱን ላጥፋቸው?


ቸርችል_ቁልቁለት (ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡30)

ጭራሽ ማንም የማያያቸውን አጥፋ። ማጥፋት ብቻውን ግን ከፍ አያደርግህም፤ ቤት ማጽዳት ነው። አንተ ራስህ የምታውቀው ካለ ግን እንደገና ጻፈው። ስለ ባትሪ እኮ አንተ የምታውቀውን ማር ጸሐፊው አያውቅም። በቀን ስንት ያበጠ ባትሪ ታያለህ? ፎቶ አንሳው።


ቴሌግራም_ብቻ (ሐሙስ፣ ቀን 6፡45)

ይቅርታ፣ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? አዲስ አበባ ላይ ሰው ያለው ቴሌግራም ነው። ቻናል ክፈት፣ 1,000 ተከታይ ካለህ ቴሌግራም ራሱ የማስታወቂያውን ገቢ ግማሽ ያካፍልሃል። ጉግል ደግሞ አሁን መልሱን ከላይ ራሱ እየጻፈ ነው፤ ማን ወደ ገጽህ ይወርዳል?


ቸርችል_ቁልቁለት (ሐሙስ፣ ቀን 7፡20)

ሁለቱም ያስፈልጋል። እኔ ቻናልም አለኝ። ዛሬ የለጠፍኩት ለሦስት ቀን ይጯጯሃል፣ ከዚያ ይሰምጣል። የዛሬ ዓመት ሲንጀሯ የተበላሸባት ሴት የእኔን ቻናል ወደ ላይ እየጎተተች አትፈልግም። ጉግል ላይ ትጽፋለች። ቴሌግራም እንደ ጥሩንባ፣ ገጹ እንደ ሱቅ ነው።

ከላይ የሚጻፈው የማሽን መልስ ያልከው ልክ ነህ፤ «ማር ምን ይጠቅማል» ብሎ የሚጠይቀውን ሰው ወስዶታል። ሰውየው የት እንደገቡ ግን ማሽኑም ቢሆን ከሆነ ሰው ገጽ ላይ ነው የሚያነበው።

በነገራችን ላይ፣ ርዕስ ከቀየርክ በኋላ ቴሌግራም የድሮውን ርዕስና ፎቶ እያሳየ ያስቸግርሃል። ዌብፔጅቦት የሚባለው የራሳቸው ቦት ላይ ሊንኩን ላክለት፤ ያድሰዋል።


የፒያሳው_ጠጋኝ (ሐሙስ፣ ከሰዓት 9፡00)

እሺ፣ ብሩስ? ማስታወቂያው?


ቸርችል_ቁልቁለት (ሐሙስ፣ ከሰዓት 9፡45)

አድሴንስን (የጉግልን የማስታወቂያ ሥርዓት) ልንገርህ፤ ሕልምህን ትንሽ ላሳንሰው ነው። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የሚከፍሉት በክሊክ ሳይሆን ማስታወቂያው በታየበት ብዛት ነው። ዋጋው በጨረታ ነው። እዚህ ያለ አንባቢን ፈልጎ ብር የሚያወጣ አስተዋዋቂ ጥቂት ስለሆነ ጨረታው ቀዝቃዛ ነው። ዋሽንግተን ያለ ዘመድህ አንዴ ቢገባ እዚህ ብዙ ሰው ከሚያስገባልህ ይሻላል። ከማመልከትህ በፊት ደግሞ የሚደግፏቸውን ቋንቋዎች ዝርዝር እገዛ ገጻቸው ላይ አንብብ።

ገቢህ 10 ዶላር ሲደርስ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ይልኩልሃል። በኢሜይል እንዳይመስልህ፤ በወረቀት፣ በፖስታ። በ4 ወር ውስጥ ካላስገባኸው ማስታወቂያው ከገጽህ ይቆማል። ስለዚህ አድራሻ ላይ «ከመስጊዱ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር» ብለህ እንዳትጽፍ። የፖስታ ሣጥን ቁጥር ይኑርህ፤ የራስህ ከሌለህ የሚታመን ሰው ጠይቅ። የእኔ ዋናው ፖስታ ቤት ነው፤ ቁልቁለቱን በሳምንት ሁለቴ እየወረድኩ ሣጥኗን ስከፍት፣ ስዘጋ አንድ ወር ሄደ። አንድ ቀን የመብራት ሂሳብ የምትመስል ቀጭን ወረቀት ተጋድማለች። እሷው ነበረች። ዘበኛው ሎተሪ የደረሰኝ መስሎት «እንኳን ደስ አለህ» አለኝ።

ክፍያው 100 ዶላር ሲሞላ ነው፤ ከወሩ 21 እስከ 26 ባለው ይለቃሉ። የባንኩን ስዊፍት ኮድ ትሰጣለህ። ስምህ በላቲን ፊደል ባንክ ደብተርህ ላይ እንዳለው ቃል በቃል ይሁን፤ አንዲት ፊደል ብትለይ ትጉላላለህ።

እና በፈጠረህ፣ የራስህን ማስታወቂያ እንዳትነካ። ጓደኞችህንም «ግቡና ክሊክ አድርጉልኝ» እንዳትል። አንድ የማውቀው ልጅ ግሩፕ ላይ ለምኖ በሁለተኛው ቀን አካውንቱ ተዘጋ። የተጠራቀመችውም ቀረች።


ባለ_ፎቶ_ቤቱ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡30)

እኔ ከሌላው ወገን ልናገር፤ ከሚከፍለው። ስታዲየም አካባቢ ፎቶ ቤት አለኝ። ብሮሹር አሳትሜ አውቃለሁ፣ ፌስቡክ ላይ ከፍያለሁ። ሱቅ የቀየረ ሰው ትልቁ ጭንቀቱ ምን መሰለህ? አዲስ ደንበኛ ማጣት አይደለም። የድሮው ደንበኛ መጥቶ ፍርስራሹን አይቶ፣ «ዘግተዋል» ብሎ መመለሱ ነው። እሱ ያንገበግባል።

አንተ ደግሞ «የት ገቡ» ብሎ የሚፈልገውን ሰው ይዘሃል። ጠጋኞቹ ባይከፍሉህ፣ ክርና ቁልፍ የሚሸጠው፣ ዚፕ የሚሸጠው፣ የሲንጀር መለዋወጫ ያለው ይከፍልሃል። ሂድና አናግራቸው። መጀመሪያ አንድ ወር በነጻ አድርግላቸው። ለእያንዳንዱ «ደንበኛ ሲደውል ከየት እንዳገኘህ ጠይቀው» በላቸው። ሦስት ሰው «ኢንተርኔት ላይ አየሁ» ካለ ሁለተኛውን ወር ራሱ ይጠይቅሃል። ዶላር አትጠብቅ፤ በቴሌብር ያገባልሃል።

ደረሰኝ ግን ያስፈልገዋል። ቲን ቁጥርህና ንግድ ፈቃድህ ይህን ሥራ ይሸፍን እንደሆነ ቀድመህ እይ።


ጡረተኛው_አራሚ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡15)

ይህ የፎቶ ቤቱ ሰው ልብ ያለው ነው። እኔም ልጨምር። የተከፈለበትን «ማስታወቂያ» ብለህ ጻፍበት፤ አንባቢ አይሸወድ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ን አግኝተህ አንብበው። ዜና ማውጣት ከጀመርክ ደግሞ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 አለ፤ ምዝገባውን ያየዋል። የኳስ ወሬውን ብትተወው የሚሻልህ ይመስለኛል። ዝውውሩም ቢሆን ትክክል አልነበረም።


ሳባ_ከሜክሲኮ (ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡40)

ጋሼ ኳሱንም አርመውታል 😂

የተከፈለበት ሊንክ ላይ «ስፖንሰርድ» የሚለውን ምልክት በኮዱ ውስጥ አድርግበት፤ ጉግል በ2019 ለዚሁ ያወጣው ነው። እና የማስታወቂያውን ቦታ መጠኑን አስቀድመህ ያዝለት። ካልያዝክለት ዘግይቶ ሲመጣ ጽሑፉን ወደ ታች ይገፋዋል፣ አንባቢው ስልክ ቁጥር ልንካ ሲል ማስታወቂያ ይነካል። ከዚህ በላይ የሚያናድድ የለም።


የፒያሳው_ጠጋኝ (ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከሰዓት 10፡20)

ተመልሻለሁ። ቃል ባልገባም መንገር አለብኝ።

41 ጽሑፍ አጠፋሁ። ማሩ ሄደ። የባትሪውን እንደገና ጻፍኩት፤ ያበጡ የሰባት ስልኮች ባትሪ በረድፍ ደርድሬ ፎቶ አንስቼ። ከዚያ በየቅዳሜው አንድ ነገር ብቻ ይዤ እወጣለሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ጫማ የሚያድሱ። ሁለተኛው ሰዓት ሠሪዎች። ከጊዮርጊስ በራስ መኮንን ድልድይ፣ በሰባ ደረጃ አድርጌ ወደ አራት ኪሎ። ማታ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ፤ ቤት ውስጥ መብራትና ልጅ አያስቀምጡኝም።

አሁን 33 ጽሑፍ ነው ያለው፤ 29ኙ ተመዝግበዋል። የሲንጀሩ ሁለተኛ ላይ ነው። በቀን የሚገባው ሰው ከ11 ወደ 140 አካባቢ ወጥቷል። ብዙ አይደለም፤ እኔ ግን በየጠዋቱ ኮንሶሉን ሳላይ ፊቴን አልታጠብም። የሰዓት ሠሪዎቹ ገጽ ግን እስካሁን አልተነሳም። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ምናልባት አሁን ሰው ሰዓት አያሠራ ይሆናል።

አድሴንስ ላይ ገና ድጋሚ አላመለከትኩም። የመለዋወጫው ነጋዴ ግን ነጻው ወር ሲያልቅ እኔ ሳልደውል ደወለ። በወር 1,500 ብር ተስማማን። ከዚያ አንድ የዚፕ ሱቅ መጣች፤ 1,000። ባለ ፎቶ ቤቱ፣ ምሳ አለብህ።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር፦ የእኛ የጥገና ክፍል አድራሻ በየገጹ ግርጌ አለ። የድሮ ደንበኞቼ እየመጡ ነው። አንዱ ፕሪንተር ተሸክሞ ገብቶ «ሞተሃል ብለውኝ ነበር» አለኝ።


ባለ_ፎቶ_ቤቱ (እሑድ፣ ከሰዓት 11፡00)

ክትፎ ነው። ጾም እስኪፈታ እጠብቃለሁ።


ጡረተኛው_አራሚ (እሑድ፣ ከሰዓት 11፡40)

ሁሉንም አነበብኩት። የጫማው ላይ «ሠራተኛ» በንጉሡ ሠ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ነው የሳትከው። በርታ።


አዲስ_አባል_77 (እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡05)

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ የገባሁት ከጉግል ነው፤ ዌብሳይት የለኝም። የእናቴ ሲንጀር ቀበቶው ተበጥሶ፣ ክሩንም እየበጠሰ አስቸገራት። የድሮው በእግር የሚነዳው ነው። የሚነካው ሰው አለ?


የፒያሳው_ጠጋኝ (እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡09)

አለ። ሽማግሌው አሁን ያሉት ሰባ ደረጃን ስትወጪ በስተግራ፣ ሰማያዊ ቆርቆሮ በር ነው። ሰኞ ከሰዓት አይገኙም። ቀበቶውን አውልቀሽ ይዘሽ ሂጂ፣ ማሽኑን አትሸከሚ።